የአያ መንግሥቴ ቀኝ ትከሻ

አያ መንግሥቴ ወረታ ጤና ጣቢያ በራፍ ላይ የታዩ ዕለት ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ብድግ አሉ። ለአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ዓይናቸውን ማመን ስላቃታቸውም ነው። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ድረስ ትከሻው የወለቀ፣ ክንዱ የተሰበረ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ወጌሻ ናቸው። እኔ ማረው ደግሞ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ለአራት ዓመት ያህል እኔ “ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ” እያልኩ፣ እሳቸው “ለስብራት መርፌ ምን ያደርጋል?” እያሉ ገበያ ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ብቻ ነቅነቅ አድርገን እንተላለፍ ነበር።

መስከረም 1979 ዓ.ም. ነው። ጃንጥላቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል።

“ማረው፣ ዛሬ በሽተኛው እኔ ነኝ” አሉ። “መጀመሪያ ሳቅብኝ፤ ከዚያ እንጀምር።”

አልሳቅሁም። ወንበር ሰጠኋቸው፤ የሆነውን ነገሩኝ። ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው የጎረቤታቸው የአንለይ ኮርማ ማጥ ውስጥ ገባ። አራት ሆነው በጠፍር ሲጎትቱት አያ መንግሥቴ የጠፍሩን ጫፍ በቀኝ ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ኮርማው አንዴ ተፈናጥሮ ሲነሳ ክንዳቸውን ይዞት ሄደ። አሮጌ ሸማ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ትከሻቸው ውስጥ ሰሙት። ኮርማው ወጣ። የእሳቸው እጅ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ወደ ላይ አልወጣም።

“ገላነሽን አዘዝኋት” አሉኝ፤ ገላነሽ ባለቤታቸው ናት። “እኔ ሰው ላይ እንደማደርገው ተረከዟን ብብቴ ውስጥ አድርጋ ጎተተችኝ። ሦስት ቀን ሞከርን። የሚገባ ነገር የለም። ያልወጣ ነገር እንዴት ይገባል? አጥንቱ እኮ ቦታው ላይ ነው!”

ክንዳቸውን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳሁት። እስከ ጆሮአቸው ድረስ ያለ ችግር ሄደ። “አሁን ያዙት” ብዬ ስለቀው ዱብ አለ። እንደገና አነሳሁት። እንደገና ዱብ። ሦስተኛው ላይ እያመማቸው ፊታቸው በራ።

“አየህ? መገጣጠሚያው ደኅና ነው። የሚስበው ነው የሌለው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ሰው ‘በሽታው ከአጥንት አይደለም፣ ጸበል ሂድ’ እያልሁ ሰድጃለሁ። ምንድን ነው ይኼ?”

እኔም አላውቀውም ነበር። ይህን ማመን ለአንድ ድሬሰር ከባድ ነው፤ ግን እሳቸው በሽተኛ ሆነው መጥተው እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ ልዋሽ አልቻልሁም። “ጎንደር እንሂድ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ” አልኋቸው። የገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት እስኪጽፍላቸው፣ እኔም ፈቃድ እስካገኝ ጥቅምት አጋማሽ ሆነ። ሽምብራውና ጓያው ሲዘራ ቆሞ ማየት አንጀታቸውን በላው። ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፍረን ይፋግን ስናልፍ ግን ልባቸው ቀድሞ ጎንደር ገብቶ ነበር፤ በየመቀመጫው ያለውን ሰው ትከሻ በዓይናቸው ይለኩ ነበር።

ሆስፒታሉ ከጦር ግንባር በመጡ ቁስለኞች ተሞልቷል። አያ መንግሥቴን በሰፊው ኮሪደር ፍራሽ ላይ አስተኟቸው። በማግሥቱ መገጣጠሚያቸው ውስጥ ቀለም ወግተው ራጅ አነሷቸው። ውጤቱን ይዘው የመጡት ሁለት ሐኪሞች ናቸው። አንደኛው ዶክተር አያልነህ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁስለኛ በመቅደድና በመስፋት ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው። ሁለተኛዋ ዶክተር አማከለች፣ የእኔ እኩያ፣ ከሌኒንግራድ ተምራ ከመጣች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት።

ዶክተር አማከለች ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳችው። “ቀለሙ መገጣጠሚያው ውስጥ መቆየት ነበረበት” አለች። “ወደ ላይ አምልጦ ፈስሷል። የሚሸፍነው ጅማት ተቀዷል ማለት ነው። ቀዳዳውም ትልቅ ነው።”

“ጅማት!” አሉ አያ መንግሥቴ ከፍራሹ ላይ ተስፈንጥረው ተቀምጠው። “ማረው፣ ሰማህ? ጅማት ነው!” አንድ ሰው ክፉ ዜና ሲነገረው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። “ይሰፋል?”

እዚህ ላይ ሁለቱ ሐኪሞች ተያዩ።

“ይሰፋል” አሉ ዶክተር አያልነህ። “ጅማቱ ከክንድ አጥንት ራስ ላይ ነው የተላቀቀው። ጫፉን ይዘን እስከ አጥንቱ እንስበዋለን። አጥንቱን በስተን ክሩን በቀዳዳው አሳልፈን እንቋጥረዋለን። ቀጥተኛ ሥራ ነው።”

“ትንሽ ቀዳዳ ቢሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው” አለች ዶክተር አማከለች። “ይህ ግን ወደ ውስጥ ሸሽቷል። በግድ ጎትተን ብናስረው ክሩ ጅማቱን ይቆርጠዋል።”

“ታዲያ ከጭናቸው የጡንቻ ሽፋን ቆርጠን እንጣፍላቸው?”

“እሱ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የቀዳዳውን ሁለት ጎን እርስ በርሱ እንስፋው። ከውስጠኛው ጥግ ጀምረን ወደ ውጭ። ቀዳዳው ሲጠብ ጫፉ ራሱ ወደ አጥንቱ ይቀርባል። ያኔ የእርስዎን ቀዳዳ በስተን እናስረዋለን።”

ዶክተር አያልነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ስፌት ሲበዛ ጅማቱ ደም ያጣል። ያልዳነ ስፌት ምን ይረባል?”

አያ መንግሥቴ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመለከቱ ነበር። ድንገት ወደ እሷ ዞሩ። “እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?”

“የይፋጉ የቄስ ገብረማርያም ልጅ ነኝ። አንቺ ይበሉኝ እንጂ አባቴ።”

“የብራና ፋቂው? መጽሐፍ ደጓሹ?”

“አዎ። ይህንንም መጀመሪያ ያየሁት ሌኒንግራድ አይደለም፤ እቤቴ ነው። አባቴ የፍየል ቆዳ ሲወጥር ቢላዋ የነካው ቦታ ካገኘ እንደዚያው አይወጥረውም። ከወጠረው ቀዳዳው አፉን ይከፍታል። መጀመሪያ ጎንና ጎኑን ይሰፋዋል፤ ከዚያ ይወጥረዋል።”

አያ መንግሥቴ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። “ገባኝ! ግን የእርስዎም ነገር ገባኝ፣ ዶክተር” አሉ ወደ ዶክተር አያልነህ ዞረው። “ቆዳ ሙት ነው፤ እኔ ግን ሕያው ነኝ። ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ እንዴት ነው የምንለየው?” ትንሽ አሰቡ። “በግ ትከሻም ላይ ይህ ጅማት አለ። ብዙ በግ አርጃለሁ፤ አውቀዋለሁ። የበግ ወርች ላይ አሳዩኝ።”

ዶክተር አያልነህ ሳቁ። ዶክተር አማከለች ግን አልሳቀችም። ከፊቷ ላይ እንዳነበብሁት ይህን ነገር ራሷም ስትመኘው ኖራለች። “ዶክተር” አለች ቀስ ብላ፣ “ነገ ከሰዓት ቀዶ ጥገና የለንም።”

“ወርቹ ከአንድ በግ ይሁን” አሉ አያ መንግሥቴ ወደ እኔ እያመለከቱ። “ቀኝና ግራ። ያለዚያ ፍርዱ ያደላል።”

በማግሥቱ ከሥጋ ቤት ሁለቱን ወርች ይዤ በሩጫ መጣሁ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው ግቢ ጠረጴዛ ወጣ። ሁለቱ ሐኪሞች ሌላውን ሥጋ ገፈው ያቺን ጅማት ብቻ አስቀሩ። ጅማቱን ከአጥንቱ አላቀው በሁለቱም ላይ እኩል የሆነ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ወደ ውስጥ የገባ ቀዳዳ አወጡ። አያ መንግሥቴ ስፋቱን በጣታቸው ለክተው “እኩል ነው” ካሉ በኋላ መስፋት ተጀመረ። ዶክተር አያልነህ ጫፉን ጎትተው በአጥንት ቀዳዳ አሰሩ፤ እጃቸው ሲሮጥ ያምራል። ዶክተር አማከለች ከውስጠኛው ጥግ ተነሥታ ጎንና ጎኑን አራት ቦታ ሰፋች፤ ከዚያ የቀረውን ከአጥንቱ ጋር አሰረች።

ሁለቱን ወርች ከልብስ መስጫው ብረት ላይ ሰቀልናቸው። ከእያንዳንዱ ክንድ አጥንት ሥር ባልዲ አንጠለጠልን። እኔ በጣሳ ውኃ እጨምራለሁ፤ አያ መንግሥቴ ይቆጥራሉ። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ቁስለኞቹ በክራንች እየተደገፉ ከየክፍሉ መጥተው ግቢውን ሞሉት። ከፊሉ በአያልነህ ወገን፣ ከፊሉ በአማከለች ወገን ሆነ።

“አምስት!” ሁለቱም ይዘዋል። “ስድስት! ሰባት!” በስምንተኛው ጣሳ የዶክተር አያልነህ ክር ጅማቱን እንደ ቅቤ ሲቆርጠው አየሁ። ዘጠነኛው ላይ ተበጠሰና ባልዲው ወርዶ ውኃው እግሬን አጠበኝ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። የዶክተር አማከለች ግን ገና ነው። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አንድ እግሩ የተቆረጠ የመቶ አለቃ “ጨምር! ጨምር!” እያለ ክራንቹን ይመታል። በአሥራ አምስተኛው ጣሳ የጎን ስፌቱ ሳይሆን ከአጥንቱ ጋር የታሰረው አንዱ ክር ሾልኮ ወጣ፤ ባልዲው ዘመመ እንጂ አልወደቀም።

አያ መንግሥቴ እየሮጡ ሄደው የተበጠሰውን በጣታቸው ዳሰሱት። “ቋጠሮው አልተፈታም! አጥንቱም አልተሰበረም! ጅማቱ ነው የተተለተለው። ዶክተር፣ የእርስዎ እጅ አልነበረም ጥፋተኛው፤ መጎተቱ ነው።”

ዶክተር አያልነህ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። “እውነት ነው” አሉ። “ግን ስሙኝ። በግ ከሞተ በኋላ ጅማቱ አይድንም፤ ስፌት ሲበዛበት ደም ማጣቱም አይታይም። የእርስዎ ደግሞ ከተቀደደ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ ደርቆ ይሆናል። ባልዲ የሚነግረን የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።”

“የመጀመሪያውን ቀን ካላለፍነው ሁለተኛው ከየት ይመጣል?” አሉ አያ መንግሥቴ። “እሷ ጎንና ጎኑን ትስፋ። አጥንቱን እርስዎ ይብሱ፤ የእርስዎ ቀዳዳ ከሷ ይልቅ ደኅና ነበር፣ አይቻለሁ። ካልደረሰ ጭኔ ይኸው።” ዶክተር አያልነህ እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ዶክተር አማከለችም አብራ ነበረች።

ኅዳር ሦስት ቀን ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ አያ መንግሥቴ አንድ ልመና ነበራቸው። “እኔ ተኝቼ አላየውም። ማረው ቆሞ ይይልኝ፤ ኋላ ይነግረኛል።” ተፈቀደልኝ። ክንዳቸውን የምይዘው እኔ ሆንሁ።

ትከሻው ተከፈተ። የአጥንቱ ራስ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ ሆኖ ራቁቱን ወጣ፤ ሊሸፍነው የሚገባው ጅማት የለም። “ሸሽቷል” አሉ ዶክተር አያልነህ። በመቆንጠጫ ይዘው ሳቡት፤ ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። ትንሽ ቢበረቱ ጫፉ ይላጥ ጀመር፤ ለቀቁት። ዶክተር አማከለች ጅማቱን ከተጣበቀበት ቀስ እያለች አላቀቀችው፤ ከዚያ ከውስጠኛው ጥግ ጀመረች። አንድ ስፌት። ቀዳዳው ጠበበ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በእያንዳንዱ ስፌት ጫፉ ወደ እኔ ወደ አጥንቱ ሲንፏቀቅ በዓይኔ አየሁት። አራተኛው ሲታሰር ዶክተር አያልነህ በጭምብላቸው ውስጥ “መጣ! መጣ!” ሲሉ ነርሷ ደነገጠች። እንደ አናጢ መሰርሰሪያ ባለ መሣሪያ አጥንቱን በሱ፤ ክሩን አሳለፉ፤ ቋጠሩ። ክንዱን ቀስ ብዬ አንቀሳቀስሁት። ጅማቱ አብሮ ሄደ። ጭናቸው ሳይነካ ቀረ።

አያ መንግሥቴ ሲነቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ስንት ስፌት?” ነበር። እስኪበቃቸው ደጋግሜ ነገርኋቸው።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ያለው ከባዱ ነበር። ስድስት ሳምንት ክንዳቸው ትራስ ላይ እንደታሰረ፣ በራሳቸው ኃይል አንዲት ጣት ያህል እንኳ ሳያነሡት መቆየት። አንድ ወጌሻ ሌላ ሰው የሰራውን አልነካም ብሎ ስድስት ሳምንት መቀመጡ ቀላል አይምሰላችሁ። እትየ ገላነሽ እንደ ሕፃን ጠበቀቻቸው። “እጅህን ያዝ!” የሚለው ድምፅዋ ከቤታቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ጥር ላይ ከጣራው ማገር ገመድ አንጠልጥዬ በግራ እጃቸው ቀኙን እየሳቡ ወደ ላይ ማውጣት ጀመሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ በብስክሌት ሄጄ ክንዳቸው በራሱ ኃይል የት እንደሚደርስ እለካለሁ። እስከ ወገብ። እስከ ደረት። መጋቢት ላይ አልሄድ አለ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እዚያው። እኔ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን “ያዘ እንጂ አልተበጠሰም፤ የተበጠሰውን ድምፅ አውቀዋለሁ” እያሉ ገመዱን መሳብ አልተዉም።

ግንቦት ላይ የገበሬ ማኅበሩ ትልቅ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ መንደር ምሥረታ ነው፤ ቤት ሁሉ ፈርሶ ወደ አንድ ቦታ ይሰፍራል። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ከፊት ተቀምጧል። ማንም ደስ አላለውም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። አያ መንግሥቴ መሬቱ ላይ ተቀምጠው፣ ነገሩን ከመስማት ይልቅ በልብሳቸው ሥር ክንዳቸውን ያለማምዱ ነበር። እኔ ስለ ወባ እንድናገር ተጠርቼ ከዳር ቆሜአለሁ።

“የሚደግፍ!” ተባለ። እጆች በዝግታ ወጡ።

“የሚቃወም!” አለ ሊቀመንበሩ፣ ለወጉ ያህል።

በዚያ ጸጥታ መካከል አንድ ቀኝ እጅ ቀጥ ብሎ ከሕዝቡ በላይ ወጣ። የአያ መንግሥቴ ነበር። እጃቸውን ቀና ብለው ያዩታል፤ አፋቸው ተከፍቷል።

ካድሬው ብድግ አለ። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ፈቀቅ አሉ።

“ጓድ፣ ተቃውሞዎ ምንድን ነው?” አለ ሊቀመንበሩ።

“የምን ተቃውሞ?” አሉ አያ መንግሥቴ፤ እንባቸው ወርዷል። “እጄ ወጣ! ማረው! የት ነህ? እጄ ወጣልኝ እኮ!”

እኔ ሳላስበው እየጮህኩ በሰው መካከል ዘልዬ ደረስሁ። አንለይ፣ የኮርማው ባለቤት፣ ተነሥቶ አቀፋቸው። ከሴቶቹ ወገን እልልታ ተነሣ፤ እልልታው ሲነሣ ወንዶቹም ጭብጨባ ጨመሩ። ካድሬው ምን እንደሆነ ሲነገረው ተቀመጠ፤ ኋላ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ “አንድ ተቃውሞ” ተብሎ የተጻፈው ተሰረዘ ይባላል፤ አይቼ አላረጋገጥሁም። ቤቶቹ መፍረሳቸው አልቀረም። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ የሄደው ስለዚያ እጅ እያወራ ነው።

እጁ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ሆነ አልልም። ቀንበር ማንሣት አልቻሉም፤ ከኋላ ወገባቸውን ማከክም ያቅታቸው ነበር። ራሳቸው ላይ ግን ሻሽ ይጠመጥማሉ፤ በቅሏቸውን ይጭናሉ፤ ቅዳሴ ላይ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ።

በ1981 ዓ.ም. ከዶክተር አማከለች ደብዳቤ ደረሰን። እሷና ዶክተር አያልነህ በሁለቱ መንገድ የሠሯቸውን ሰዎች ሁሉ መዝግበው ሲከታተሉ ኖረዋል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ሁለቱም መንገድ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ትልቅ ሲሆን መጀመሪያ ጎንና ጎኑን የተሰፋው የተሻለ ይዟል። ዓመት ዘግይተው በመጡት ላይ ግን ጡንቻው ወደ ስብ ተለውጦ ስለሚቆይ፣ የቱም ስፌት፣ ከጭን የተቆረጠ መጣፊያም ቢሆን፣ እምብዛም አልረዳም።

“የመጨረሻውን ድገመው” አሉኝ።

ደገምሁት።

“እንግዲያው ምን ተቀምጠን እናነባለን? ቶሎ መምጣት አለባቸው ማለት እኮ ነው!”

በዚያው ሳምንት ይፋግ ገበያ ሄድን። አያ መንግሥቴ ከእህል ተራው ጎን ካለ ጉብታ ላይ ወጡና ያን ትልቅ ድምፃቸውን ለቀቁት። “ወድቆ ወይም ከብት ጎትቶት ክንዱን ማንሣት ያቃተው ይምጣ! ሌላ ሰው ሲያነሣለት የሚሄድ፣ ሲለቁት የሚወድቅ! አትደብቁት፣ ቀን አትቁጠሩበት!” ገበያተኛው እህሉን ትቶ ከበበን። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ስም ለመጻፍ ወረቀት ይዣለሁ፤ ያለ ፈቃድ ሰው ስንሰበስብ ካድሬ እንዳያየን ብዬ የፈራሁት ሁሉ ጠፍቶልኝ ነበር።

እስከ ከሰዓት አምስት ሰው መጣ። አያ መንግሥቴ የእያንዳንዱን ክንድ እያነሡ ለቀቁት። የአራቱ ዱብ አለ፤ ለአራቱም ወደ ጎንደር የሚሄዱበትን ወረቀት ጻፍሁ። አምስተኛው አንድ የአንበሳሜ ሸማኔ ነበር። ክንዱ ጭራሽ ወደ ላይ አልሄድ አለ። አያ መንግሥቴ ትከሻውን ዳበስ አደረጉና “ይህስ የወለቀ ነው!” አሉ፤ ዓይናቸው ተንቦገቦገ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ሰውየውን ሣሩ ላይ አስተኙት፤ ተረከዛቸውን ብብቱ ውስጥ አስገብተው በግራ እጃቸው ብርታት አንዴ ሳቡ። ቋ የሚለው ድምፅ እስከ እህል ተራው ድረስ ተሰማ።

“ይህን አትጻፍ፣ ማረው” አሉ እየሳቁ። “ይኼኛው የኔ ነው።”